ከቶኪዮ እስከ ጂንካ፣ በሁለት መንገድ

ጃፓን የምዕራቡን ዕቃ ከኢትዮጵያ ገበያ መጀመሪያ ያስወጣችው በራዲዮም በመኪናም አይደለም፤ በአቡጀዴ ነው። ባላገሩ ለልብስ የሚገዛው ያ የጥጥ ጨርቅ ለብዙ ዓመት ከአሜሪካ ሲመጣ ኖሮ፣ በ1920ዎቹ መጨረሻና በ1930ዎቹ መጀመሪያ የጃፓን ፋብሪካዎች በዋጋ አሸንፈው ቦታውን ያዙት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሁለቱ መንግሥታት በ1927 የወዳጅነት ውል ተፈራርመው ነበር። በ1931 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እስከ ጃፓን ተጉዘው ተመለሱ፤ ያዩትንም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው በመጽሐፍ አወጡት። የተማረው ወጣት እንደ ጃፓን እንሠልጥን የሚልበት ዘመን ነበር። በ1935 ጣሊያን ወረረና ነገሩ ሁሉ ተቋረጠ። ጃፓንም ወደ ራሷ ጦርነት ገባች፤ በ1945 ስትሸነፍ ከተሞቿ ዐመድ ሆነው ነበር።

ከዚያ ዐመድ ቀድሞ ብቅ ካለው አንዱ ካሜራ ነው። ኒፖን ኮጋኩ የተባለው ኩባንያ በጦርነቱ ዘመን ለጦሩ መነጽርና የማነጣጠሪያ መሣሪያ ይሠራ ነበር። ጦሩ ሲፈርስ ያንን ሙያ ይዞ ወደ ሕዝቡ ገበያ ዞረና በ1948 ኒኮን የሚል ስም ያለበትን የመጀመሪያ ካሜራውን አወጣ። የምዕራቡ ፎቶ አንሺ ግን ከጀርመኖቹ ከላይካና ከኮንታክስ ሌላ የሚያምነው አልነበረውም። በ1950 የላይፍ መጽሔት ፎቶ አንሺ ዴቪድ ዳግላስ ደንካን ቶኪዮ ሳለ፣ ጁን ሚኪ የተባለ ወጣት ጃፓናዊ የሙያ ባልደረባው ኒኮር በተባለው የዚሁ ኩባንያ ሌንስ ፎቶ አነሳው። ደንካን የታተመውን ፎቶ ሲያይ ሌንሱን ካላሳያችሁኝ አለ። ፋብሪካው ድረስ ሄዶ ከጀርመኑ ጋር አስተያየና ገዝቶ በላይካው ላይ ገጠመው። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የኮሪያ ጦርነት ፈነዳ። ደንካን ከግንባር የላካቸው ፎቶዎች አሜሪካ ውስጥ አዘጋጆችን አስገረሙ፤ በታኅሣሥ ኒው ዮርክ ታይምስ ስለ ጃፓን ካሜራና ሌንስ ጻፈ። የእኛው ቃኘው ሻለቃም በዓመቱ እዚያው ኮሪያ ገባ። የጃፓን ካሜራ በምዕራቡ ዘንድ ስም ያገኘው በሰው አገር ጦርነት መሆኑ አንባቢን ሊያስገርም ይችላል፤ ነገሩ ግን እንዲህ ነው።

ራዲዮው የሄደበት መንገድ ሌላ ነው። ማሳሩ ኢቡካና አኪዮ ሞሪታ በ1946 ቶኪዮ ውስጥ ያቋቋሙት ትንሽ ድርጅት፣ ኋላ ሶኒ የተባለው፣ አሜሪካኖች በ1947 የፈለሰፉትን ትራንዚስተር ለመሥራት በ1953 የፈቃድ ውል ያዘ። ዋጋው 25,000 ዶላር ነበር። የጃፓን ንግድ ሚኒስቴር ይህን ያህል የውጭ ምንዛሪ ለማይታወቅ ድርጅት አልፈቅድም ብሎ ለወራት አጉላላቸው። (የእኛ አገር አስመጪ ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።) በ1955 የመጀመሪያውን ትራንዚስተር ራዲዮ ሠሩ። ቡሎቫ የተባለው የአሜሪካ የሰዓት ኩባንያ 100,000 ራዲዮ ልግዛ፣ ነገር ግን የእኔ ስም ይለጠፍበት ብሎ ሲጠይቅ፣ ሞሪታ እምቢ አለ። ትዕዛዙ ከድርጅቱ ጠቅላላ ሀብት በላይ ነበር ይላል ራሱ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ። በ1957 ቲአር-63 የተባለው ራዲዮ አሜሪካ ውስጥ በ39.95 ዶላር ተሸጠ። የኪስ ራዲዮ ነው ተብሎ ቢታወጅም ከሸሚዝ ኪስ ትንሽ በለጥ ይል ስለነበር ለሻጮቹ ኪሱ ሰፋ ያለ ሸሚዝ ተሰፋላቸው። «በጃፓን የተሠራ» የሚለውን ጽሑፍ በአንጻሩ እስከሚቻለው አሳንሰው ነበር ያተሙት፤ የአሜሪካ ጉምሩክ አተልቁት ብሎ መልሶባቸዋል። ያኔ የጃፓን ዕቃ ማለት ርካሽና ቶሎ የሚሰበር ማለት ነበር።

ለአሜሪካዊው ጎረምሳ ይህ ዕቃ ሁለተኛ ራዲዮ ነበር። ትልቁ ሳሎን ተቀምጧል፤ ትንሹ ወላጆቹ የማይወዱትን ዘፈን መስሚያ ነው። ኤሌክትሪክ ለሌለው አገር ግን ትራንዚስተር ማለት ራዲዮ ራሱ ነው። የቀድሞው ባለ አምፖል ራዲዮ ወይ የመብራት መስመር ወይ የመኪና ባትሪ ይፈልጋል። አዲሱ በጥቂት የባትሪ ድንጋይ ሳምንታት ይናገራል። ጃፓኖቹ ለኒው ዮርክ ኪስ ብለው ያሳነሱት ነገር ለጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት የበለጠ ጠቀመ ብል አላጋነንኩም።

ንጉሠ ነገሥቱ በ1956 ጃፓንን ሲጎበኙ፣ ከጦርነቱ በኋላ ያንን አገር በይፋ የጎበኙ የመጀመሪያው ርዕሰ ብሔር ነበሩ። በ1960 አልጋ ወራሹ አኪሂቶ አዲስ አበባ መጡ። ከዚያ በኋላ የጃፓን ዕቃ በመርካቶ እየበዛ ሄደ፤ ናሽናል፣ ሳንዮ፣ ሂታቺ የሚሉት ስሞች የማንም ልጅ ቃል ሆኑ። በ1963 ብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ከአዲስ አበባ በአጭር ሞገድ መናገር ጀመረ፤ በ1965 የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ክፍል ተከተለ። የሚሰማ ነገርና መስሚያው አንድ ላይ ደረሱ ማለት ነው። ጂንካ ያን ጊዜ በዚያው በጋሞ ጎፋ የገለብና ሐመር ባኮ አውራጃ ከተማ ነበረች፤ ተራራው ላይ የነበረችውን ባኮን ተክታ ያደገች፣ መሐሏ ላይ ሣር የበቀለበት የአውሮፕላን ማረፊያ የተዘረጋባት። ክረምት መንገዱን ሲዘጋው ዓለም ወደ ጂንካ የሚገባው ወይ በዚያ ሣር ላይ፣ ወይ በራዲዮ ነበር። ራዲዮውን ያመጡት የመንግሥት ሠራተኛው፣ ፖሊሱ፣ አስተማሪውና ነጋዴው ናቸው። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥቶ ማታ ዜናውን ብቻ ሰምቶ መዝጋት ያኔ የተለመደ ዘዴ ነበር።

ካሜራው የመጣው በነጋዴ አይደለም፤ በውጭ ሰው አንገት ነው። ኒኮን ኤፍ በ1959 ወጥቶ የምዕራቡን ጋዜጠኛና ተመራማሪ አንገት ያዘ። በ1960ዎቹ ጃፓን በካሜራ ምርት ምዕራብ ጀርመንን አልፋ ሄደች። በዚያው አሥር ዓመት ከጂንካ በታች ያለው ኦሞ ሸለቆ በውጭ ሰው ተሞላ። ከ1967 ጀምሮ የፈረንሳይ፣ የአሜሪካና የኬንያ ተመራማሪዎች ቅሪተ አካል ፍለጋ ወረዱ፤ በዚያው ዓመት የሪቻርድ ሊኪ ቡድን ኪቢሽ አጠገብ ኦሞ አንድና ኦሞ ሁለት የተባሉትን የራስ ቅሎች አገኘ። በአሥርቱ ዓመት መጨረሻ እንግሊዛዊው ዴቪድ ተርተን ከሙርሲዎች ጋር መኖር ጀመሩ። በ1970 ኢቮ ስትሬከርና ባለቤታቸው ጂን ሊዳል ሐመር ገቡ፤ ከሐመሩ ባልዳምቤ አንደበት በቴፕ የቀዱትም በ1979 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። አሜሪካዊው ሮበርት ጋርድነር በሐመር የቀረጸው ፊልም በ1974 ታየ። ለሙያ ፊልም ቀረጻ የሚመረጡት ያኔ የፈረንሳይ፣ የጀርመንና የስዊስ መሣሪያዎች ስለነበሩ ጃፓን ገና እዚያ አልደረሰችም። ተራው ፎቶ ማንሻ ግን በእሷ እጅ ገብቶ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀውን ላንሳ። ጃፓን ዕቃዋን ብቻ አልላከችም። ካትሱዮሺ ፉኩይ የተባሉ ጃፓናዊ የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ በ1970ዎቹ ወደ ቦዲዎች ሄዱ። ያጠኑት የከብትን ቀለም ነው፤ የቦዲ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የከብቱን ቀለምና ዥንጉርጉርነት እየለየ እንዴት እንደሚያድግ። ለዚህም ባለ ቀለም ካርዶች እያሳዩ ሰዉ በምን ስም እንደሚጠራቸው ይጠይቁ ነበር። በ1979 ፉኩይና ተርተን በአርብቶ አደሮች መካከል ስለሚደረግ ጦርነት አንድ መጽሐፍ አብረው አዘጋጅተው ኦሳካ ውስጥ አሳተሙ። ጃፓናዊውና እንግሊዛዊው፣ ጎረቤት ከሆኑት ከቦዲና ከሙርሲ ያገኙትን ይዘው፣ ኦሳካ ላይ ተገናኙ። ቆየት ብሎ ደግሞ ማሳዮሺ ሺጌታ ስለ አሪ እንሰት ለማጥናት መጡ። የአሪ ገበሬ የእንሰት ዝርያዎቹን እንዴት ለይቶ እንደሚያውቅና ጠብቆ እንደሚያቆይ የኪዮቶ ተማሪ የተማረው ከጂንካ አካባቢ ጓሮዎች ነው። ቴሌቪዥንና መኪና ከምትሸጥልን አገር ሰው ተነሥቶ እንሰት ሊማር መምጣቱ፣ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ለእኔ ደስ የሚለው ክፍል ነው።

ደርግ ሲገባ የካሜራው መንገድ ጠበበ። የውጭ ሰው እንደ ልቡ የሚዘዋወርበት ጊዜ አበቃ፤ በጥናት ላይ የነበሩትም ብዙዎቹ ለዓመታት መመላለስ አልቻሉም። የገበያው መንገድ ግን ሰፋ። ፊሊፕስ በ1963 በርሊን ላይ ያሳየውን ካሴት ማንም እንዲሠራው ስለፈቀደ፣ የጃፓን ኩባንያዎች መቅጃና ማጫወቻውን ከራዲዮ ጋር አንድ አካል አድርገው ርካሽ አደረጉት። አዲስ አበባ ላይ የሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ በ1969 የጀመረው የሸክላ ዘመን በ1970ዎቹ አጋማሽ አበቃና ሙዚቃው ወደ ካሴት ዞረ። ሸክላ ማጫወቻ ያልነበረው ክፍለ ሀገር ሁሉ በአንድ ጊዜ አድማጭ ሆነ። ወደ ጂንካ የተመደበ አስተማሪ ከአልጋና ከምጣድ ቀድሞ ቴፕ ይገዛል፤ ጠጅ ቤቱና ሻይ ቤቱም በቴፕ ይሟሟቃል። ብሥራተ ወንጌል በ1977 ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሲሆን፣ ቴፕ ያለው ሰው ጣቢያውን ዘግቶ የራሱን መስማት ቻለ፤ ወይም ድምፁን ቀንሶ የጀርመንን፣ ከ1982 ወዲህም የአሜሪካን ድምፅ አማርኛ ይሰማል። ሶኒ በ1979 ዎክማን ብሎ ያወጣው፣ ምዕራቡን እብድ ያደረገው የጆሮ ማጫወቻ እዚህ ብዙም አልተፈለገም። ብቻን ሙዚቃ መስማት ምን ትርጉም አለው? አንድ ቴፕ ግቢ ሙሉ ሰው ያገለግል ነበር።

መኪናው ሁለቱንም መንገድ ሄዷል። ቶዮታ በ1957 አሜሪካ የላከው ቶዮፔት የተባለ የቤት መኪና በአውራ ጎዳናው ፍጥነት ተንገዳግዶ አፍሮ ተመለሰ፤ በዚያ ገበያ ለጥቂት ዓመታት ስሙን ይዞ ያቆየው ላንድክሩዘር ነበር። በኦሞ ግን እስከ 1970ዎቹ ድረስ የጌታው ስም ላንድሮቨር ነበር። በ1984 መጨረሻ ቶዮታ ሰባ ተከታታይ የተባለውን አዲሱን ላንድክሩዘር አወጣ። ያ ወቅት በአገራችን የድርቁና የእርዳታው ወቅት ነው። ነጭ ላንድክሩዘር ከዚያ ወዲህ የእርዳታ ድርጅት ምልክት ሆኖ ቀረ፤ ባለ ጠንካራ ጣሪያውም «ሃርድቶፕ» ተብሎ የአማርኛ ቃል ሆነ። የነጋዴው መኪና አይሱዙ ነው። ጫት ይዞ ሲበር «አልቃይዳ» የተባለው ያ የጭነት መኪና ወደ ጂንካ ቢራ፣ ሳሙናና ቆርቆሮ ጭኖ ይገባል፤ ቡናና ኮረሪማ ጭኖ ይወጣል። ላንድክሩዘር የሚያመጣው ሰው ተመልሶ ይሄዳል፤ አይሱዙ የሚያመጣው ዕቃ ይቀራል።

ከ1991 በኋላ የካሜራው መንገድ እንደገና ተከፈተ፤ አሁን የመጣው ግን ተመራማሪ ሳይሆን ቱሪስት ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አርባ ምንጭ ያድራል፤ ኮንሶን አልፎ ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ቅዳሜ ዲመካ፣ ሰኞ ቱርሚ ገበያ ይደርሳል፤ ጂንካ አድሮ ማለዳ በማጎ ፓርክ በኩል ወደ ሙርሲ ይወርዳል። አንገቱ ላይ ካኖን ወይም ኒኮን አለ። በዚህ ጊዜ ጃፓን የካሜራውን ትኩረት ጭምር በሞተር የሚሠራ አድርጋዋለች፤ ሚኖልታ በ1985፣ ካኖን በ1987። ሙያ የሌለው ሰው የባለሙያ ፎቶ ማንሳት ቻለ፤ ስለዚህ የሚነሳው ፎቶ በዛ።

ሙርሲዎች ዋጋ አወጡለት። ለአንድ ጠቅታ ለአዋቂ 2 ብር፣ ለልጅ 1 ብር፣ ኋላ 5 ብር። ካሜራው ውስጥ ያለው መስተዋት ተነሥቶ ሲመለስ የሚሰማው ድምፅ የሒሳብ መያዣ ሆነ፤ ቆማ የምትነሳው ሴት ጠቅታውን ትቆጥራለች። ተርተን በ2004 በጻፉት ጽሑፍ ይህን ግንኙነት ከሙርሲ ወገን ሆነው ለማየት ሞክረዋል። ሴቶች በተወሰነ ወቅት ብቻ ከንፈራቸው ላይ የሚያደርጉትን ሸክላ ቱሪስት ሲመጣ ያደርጋሉ፤ ከዕለት ኑሯቸው ጋር የማይገናኝ ቀንድና ቅርጫትም ራሳቸው ላይ ይሰቅላሉ። ካሜራው ይህን ይፈልጋላ! ፈረንጁ «ገንዘብ ወዳድ ሆኑ» ብሎ ያማርራል፤ ፎቶውን ወስዶ በመጽሔት የሚሸጠው ግን እሱ ነው። ዋጋውን በማውጣት ተወቃሽ ከተፈለገ ሙርሲዎቹን መጀመሪያ አልጠራም።

ፊልም ባለበት ዘመን ይህ ውል ሚዛን ነበረው። አንድ ጥቅል ፊልም 36 ፎቶ ነው፤ ገዢውም ሻጯም እያንዳንዱን ጠቅታ ይቆጥሩታል። ካሲዮ በ1995 ስክሪን ያለው ርካሽ ዲጂታል ካሜራ፣ ኒኮን በ1999 የባለሙያውን ዲ1 ሲያወጡ ሚዛኑ ተሰበረ። ለፎቶ አንሺው ጠቅታ ነጻ ሆነ፤ ካሜራው ጣት ካልተነሣለት በሰከንድ አራት አምስት ጊዜ ይተኩሳል። አንድ ብቻ ነው ያነሳሁት፣ አይደለም አሥር ነው የሚል ጭቅጭቅ ያኔ በዛ። ከ2010ዎቹ ወዲህ የሶኒ አዳዲስ ካሜራዎች ጭራሽ ያለ ድምፅ ማንሳት ቻሉ። ምክንያቱ ይህ ብቻ ባይሆንም፣ በአንዳንድ መንደር የጠቅታው ዋጋ ቀርቶ እንግዳው ሲገባ አንድ ጊዜ ከፍሎ የፈለገውን ያህል የሚያነሳበት አሠራር መጣ። በዚያ በጃፓን ደግሞ፣ ሻርፕ በ2000 ባለ ካሜራ ስልክ ካወጣ በኋላ፣ ሰው ሳያውቅ እንዳይነሳ ተብሎ ስልኮች ፎቶ ሲያነሱ የግድ እንዲጮኹ ተደርጓል። ቶኪዮ ለራሷ ባቡር ተሳፋሪ ያሰበችው ጥበቃ ለኦሞ አልተላከም።

ካሜራውን ከሰው አንገት አውርዶ የያዘ የኦሞ ሰውም አለ። የሙርሲው ኦሊሳራሊ ኦሊቡዪ የራሱን ሕዝብ ኑሮ ቀርጾ፣ ከቤን ያንግ ጋር የሠራው ፊልም በ2009 ለዓለም ታየ። አንድ እጁ ክላሽ፣ አንድ እጁ ካሜራ ነበር። ፊልሙ ውስጥ ሙርሲዎች ስለ መሬታቸውና ስለ ቱሪስቱ የሚሉትን ይላሉ፤ እንደሌላ ጊዜው ዝም ብለው አይቆሙም።

በገበያው መንገድ ላይ ግን የጃፓን ስም እየጠፋ ነበር። ቅዳሜ ጂንካ ገበያ የሚሸጠው ራዲዮ፣ ባትሪ፣ ስልክ ሁሉ የቻይና ነው። ሞሪታ ለ100,000 ራዲዮ ትዕዛዝ ያልሸጠው ስም ዛሬ እዚህ አይፈለግም። ዕቃውን ከፍቶ ለሚያይ ግን ጃፓን ውስጡ አለች። ሌሊት ወደ ኢቫንጋዲ ጭፈራ የሚሄደው የሐመር ጎረምሳ የያዘው ነጭ የኤልኢዲ ብርሃን የተገኘው ከሰማያዊው ነው፤ ሰማያዊውን ኒቺያ የተባለ የጃፓን ኩባንያ በ1993 ለገበያ አብቅቶ በ1996 ነጩን ሠራበት፤ ለሰማያዊው ግኝት ሦስት ጃፓን የተወለዱ ሳይንቲስቶች በ2014 ኖቤል ተሸለሙ። በስልኩ ውስጥ ያለውን ሊቲየም-አዮን ባትሪ በ1991 ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ያቀረበው ሶኒ ነው፤ በዚሁ ባትሪ ሥራቸው አኪራ ዮሺኖ በ2019 ኖቤል ተካፍለዋል። በብዙ ስልኮች ካሜራ ጀርባ ብርሃኑን ወደ ምስል የሚለውጠው ቁራጭም የሶኒ ነው። ስሙ ግን የትም አልተጻፈም።

በ2020 ኮሮና መጣ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የሰሜኑ ጦርነት ተከተለ። ቱሪስት ወደ ኦሞ መውረዱን አቆመ፤ ላንድክሩዘሮቹ አዲስ አበባ ቆሙ፤ ከፎቶ የሚገኘው ብርም ተቋረጠ። ካሜራው ከባለቤቱ ጋር ሄደ። አይሱዙው መመላለሱን አላቋረጠም፤ ባትሪውም፣ ስልኩም፣ በፀሐይ የሚሞላው መብራትም መሸጣቸውን ቀጠሉ። ቱሪስቱ ዛሬ ቀስ በቀስ እየተመለሰ ነው፤ አሁን ቀይ አፈር ገበያ ላይ ሌንሱን ሲያነሳ፣ ፊት ለፊቱ የቆመው ልጅም ስልኩን አውጥቶ እሱን ያነሳዋል። ለዚህኛው ፎቶ እስካሁን ዋጋ የጠየቀ የለም።